ፍላሽ፣ ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ? የቤት ኮምፒውተራችሁን ፋይል የት ታስቀምጡት?

ቤተሰብ ውስጥ «ኮምፒውተር ያውቃል» የተባለ ሰው ዕዳው ብዙ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ እምቢ ሲላት የምትደውለው ለእኔ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ፕሪንተራቸው ወረቀት ሲነክስባቸው በአጥር ላይ የሚጣሩት እኔን ነው። ከእነዚህ ጥሪዎች ሁሉ አንዱን ብቻ እፈራዋለሁ። «ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ፤ ፎቶዎቹ ግን ይወጣሉ አይደል?» የሚለውን።

አንዳንዴ ይወጣሉ። አንዳንዴ አይወጡም። የማይወጡ ቀን ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ አላወቅኩበትም።

ጉዳት የደረሰበት ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «ታዲያ ምን ልግዛ?» ነው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ነው። የማወራው ስለ ተራ የቤት ኮምፒውተር ነው። ውስጡ የልጆች ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስካን የተደረገ የቤት ካርታና ፓስፖርት ስላለበት ኮምፒውተር። የስቱዲዮ ወይም የባንክ ጉዳይ ሌላ ነው።

አቋሜን ገና ከበሩ ልናገር። በእጄ ያለው ገንዘብ አንድ ጥሩ ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራ ፈጣን ዲስክ) የሚገዛ ከሆነ፣ እሱን ትቼ ሁለት ተራ ኤክስተርናል፣ ማለትም ከውጭ የሚሰካ፣ ሃርድ ዲስክ እገዛለሁ። ለምን እንደሆነ እያወራን እንደርስበታለን።

«ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ»

ይህን ያልሰማ የኮምፒውተር ጠጋኝ የለም። እኛ አገር ኮምፒውተር ሲጫን ዲስኩን ሲ እና ዲ ብሎ ለሁለት መክፈል የተለመደ ነው። ዊንዶው ሲ ላይ ይጫናል፣ የግል ፋይል ዲ ላይ ይቀመጣል። መጥፎ ልማድ አይደለም። ዊንዶው ተበላሽቶ እንደገና ሲጫን ሲ ይጠረጋል፣ ዲ ይተርፋል። ችግሩ ሰው ዲን እንደ ሌላ ዕቃ ማየቱ ነው። በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ሁለቱ አንድ ዲስክ ናቸው። አንድ ክፍል በኮምፔንሳቶ ለሁለት እንደመክፈል ነው። ቤቱ ከተቃጠለ ሁለቱም ወገን ይቃጠላል። ላፕቶፑ ከተሰረቀማ ሌባው ዲን አውልቆ አይተውላችሁም።

ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚቀመጥ ነገር ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ስንት ጊጋ እንዳላችሁ እዩ። የፎቶ፣ የቪዲዮና የሰነድ ፎልደሮቻችሁን መርጣችሁ በማውሱ ቀኝ ጠቅ አድርጉና ፕሮፐርቲስ የሚለውን ክፈቱ። ፊልምና የፕሮግራም መጫኛ አትቁጠሩ፤ እነሱ እንደገና ይገኛሉ። እኔ በማያቸው ቤቶች የማይተካው ነገር ብዙ ጊዜ ከ300 ጊጋ አይበልጥም። በጣም ብዙ ቤት ደግሞ ከ100 በታች ነው።

የሚረሳ ቦታ አለ። ዴስክቶፕ ላይ የተዝረከረከው ፋይል ሲ ላይ ነው ያለው። በቴሌግራም የተቀበላችሁት ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚባል ፎልደር ተደብቆ ይቀመጣል። ስንት ሰው የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ እዚያ እንዳስቀረ ብነግራችሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ የውጭ አገር መመሪያዎች አይነግሯችሁም። አንደኛው ፎንት ነው። ከቆየ ጊዜ ጀምሮ በአማርኛ የጻፈ ሰው በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል አያጣም። ያ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የፈረንጅ ፊደል ፍርፋሪ ነው የሚሆነው። ጋሼ የ20 ዓመት የፈተና ወረቀቶቻቸውን በጥንቃቄ ገልብጠው ነበር፤ ፎንቱን ግን አልገለበጡም። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት «ቫይረስ በላብኝ» ብለው ጠሩኝ። ቫይረስ አልነበረም። ፎንቶቹን ከአሮጌው ኮምፒውተር አውጥተን ስንጭን ሁሉም ተመለሰ። ስለዚህ የፎንት ፋይሎቻችሁንም አብራችሁ ገልብጡ።

ሁለተኛው ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ቤት ሆኖ ለሁለት ሦስት ድርጅት ሒሳብ የሚሠራ ሰው በከተማችን ብዙ ነው። ፒችትሪ ክፍት ሆኖ ፎልደሩን ኮፒ ፔስት ማድረግ አያዋጣም፤ ግማሽ የተጻፈ ሒሳብ ይዛችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ። ፕሮግራሙ ራሱ የባክአፕ ትእዛዝ አለው። በእሱ አውጡና የወጣውን ፋይል ወደ ውጭ ዲስክ ውሰዱት።

ፍላሽ፦ ለመውሰድ እንጂ ለማኖር አይደለም

ፍላሽ ለገበያ የቀረበው በ2000 እንደ ፈረንጆች ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 ሜጋ ነበሩ። የዛሬ ስልክ ፎቶ ሁለት ወይም ሦስት ቢይዝ ነው። ዛሬ 64 እና 128 ጊጋ የሚይዘው በየሱቁ አለ። ርካሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ ሁሉም ኮምፒውተር ያውቀዋል።

ደካማ ጎኑም ከዚያው ይመጣል። ኪስ ስለሚገባ ከሱሪ ጋር ይታጠባል። ፕሪንት ለማድረግ ኮፒ ቤት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ እዚያው ይቀራል። ካልቀረም ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ያ ፎልደሮቻችሁን ደብቆ በየቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ፋይሉ ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቆ ይገኛል፤ ሰው ግን ደንግጦ ፎርማት ያደርገዋል። የጠፋው በቫይረሱ ሳይሆን በድንጋጤው ነው።

ከዚህ ሌላ የአሠራር ጉዳይ አለ። ፍላሽ ፋይሉን የሚይዘው በጣም ጥቃቅን በሆኑ ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ቻርጁ በጊዜ ብዛት እየሾለከ ይሄዳል። ርካሽ ፍላሽ ውስጥ የሚገባው ቺፕ ደግሞ ከምርጦቹ አይደለም። መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ዓመታት የቆየ ፍላሽ አንድ ቀን «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ አትገረሙ። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ይንጫጫል ወይም ይጎተታል። ፍላሽ ግን ሳይሰናበት ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብም ፎቶም የሚበላው ይሄኛው ነው። የአክስቴ ልጅ «1 ቴራ» የሚል የተጻፈበት ፍላሽ ይዛ መጣች። የገዛችው ከአንድ ሱቅ ነው፣ በ32 ጊጋ ዋጋ። ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰካው 1 ቴራ ይላል። የልጆቿን የስድስት ዓመት ፎቶ ገለበጠችበት፤ አንድም ቅሬታ ሳያሰማ ተገለበጠ። ከዚያ ላፕቶፑ እንዲቀለው ብላ ከላፕቶፑ አጠፋችው። ከወራት በኋላ ስትከፍተው መጀመሪያ የገቡት ፎቶዎች አሉ። የቀሩት ስማቸው አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ሲከፈቱ ግን ምንም የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። ፍላሽ ውስጥ ለኮምፒውተሩ «ይህን ያህል እይዛለሁ» ብሎ የሚናገር ትንሽ ቺፕ አለ። አጭበርባሪዎች ያን ቺፕ ውሸት ያስተምሩታል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሚመጣው ፋይል ወይ በድሮው ላይ ይጻፋል ወይ የትም አይጻፍም። የፋይል ዝርዝሩ ግን ሁሉም እንዳለ ይናገራል። 1 ቴራ ፍላሽ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ዋጋው ግን የማኪያቶ ዋጋ አይደለም። በዚህ መንገድ የሚሠሩ የኤስኤስዲ ማጭበርበሪያዎችም አሉ። የሚያምር የብረት ኬዝ ሲከፈት ውስጡ አንዲት የስልክ ሜሞሪ ትገኛለች።

መፈተኛው ነፃ ነው። ለዊንዶው ኤች 2 ቴስት ደብልዩ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ 3 አለ። ዕቃውን እስከ ጫፉ ይሞሉትና መልሰው ያነቡታል። የተጻፈውና የተነበበው ካልተገጣጠመ ዕቃው ውሸታም ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። የገዛችሁትን ሳትፈትኑ አንድም ፎቶ አታስገቡበት፤ የመመለሻ ቀኑም ሳያልፍ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ከማጭበርበር አትቁጠሩት። 64 ጊጋ የተባለው ኮምፒውተር ላይ 59 አካባቢ፣ 1 ቴራ የተባለው 931 ጊጋ ብሎ ይታያል። ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶው በ1024። ባለ ሱቁን በዚህ አታስጨንቁት።

ለፍላሽ የምሰጠው ሥራ ይህ ነው፦ ዛሬ እየተጻፈ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለተኛ ቅጂ፣ ወደ ፕሪንት ቤት የሚሄድ ፋይል፣ ዊንዶው መጫኛ። የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያዎች አሁን ዲቪዲ ትተው በፍላሽ ነው የሚሰጡት። ያን ፍላሽ እንደ መላኪያ ፖስታ እዩት። ቤት እንደገባችሁ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡት።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፦ አሮጌው ፈረስ

ይህ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ነው። አብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። ከሳህኑ በላይ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት፣ የሚያነብ ጭንቅላት ይንሳፈፋል። ይህን አንዴ ካወቃችሁ አጠቃቀሙን ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። እየሠራ አታንቀሳቅሱት። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። ጠፍቶ ሲወድቅ ሊተርፍ ይችላል። እየዞረ ከወደቀ ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ያን ድምፅ ስትሰሙ ወዲያው ንቀሉት። ደጋግሞ መሰካት ጭንቅላቱ ሳህኑን እንዲፍቀው ማድረግ ነው። በካቻቪቴ ከፍቶ «ላየው» የሚል ሰውም አታስጠጉ።

ሁለት ዓይነት አለ። በእጅ መዳፍ የሚይዘው ትንሹ ከኮምፒውተሩ በሚያገኘው ኃይል ብቻ ይሠራል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ የራሱ አዳፕተር አለው። ትልቁ ለጊጋው ርካሽ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ለእኛ ቤት አልመክረውም። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ያ ከባድ ኃይል ደግሞ አዳፕተሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ትንሹን ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ስትገለብጡ መብራት ቢሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ይዞት ይቀጥላል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ሰዎች ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራት የማይጫወትበትን ሰዓት ምረጡ። ሰፈራችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ፍጥነቱ ለቤት ይበቃል። በሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ትንሹ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋ አካባቢ ይጽፋል። 300 ጊጋ በአንድ ሰዓት አካባቢ ያልቃል ማለት ነው። ጥቃቅን ፋይል ከበዛ ይረዝማል። ያንኑ በጥቁሩ የድሮ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ብትሰኩት ከሁለት ሰዓት በላይ ትጠብቃላችሁ። በሰከንድ 10 ሜጋ በሚጽፍ ርካሽ ፍላሽ ቢሆን ከስምንት ሰዓት በላይ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ እንቅልፍ ተተኝቶ።

ያገለገለ ስለመግዛት ይጠይቁኛል። ከሞተ ላፕቶፕ የወጣ ዲስክ ባዶ ኬዝ ተገዝቶለት ኤክስተርናል ሲደረግ አይታችኋል። ራሴም አለኝ። ለሁለተኛ ቅጂ አይከፋም። ለብቸኛ ቅጂ ግን አላምነውም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናውን ያሳያል። «አዲስ ነው» የተባላችሁት ዲስክ 20,000 ሰዓት ካሳየ አዲስ አይደለም።

ኤስኤስዲ፦ ጎበዝ ነው፣ ግን ለማን?

ኤስኤስዲ ውስጥ የሚዞር ነገር የለም። ቢወድቅ ብዙም አይሰማውም። ፍጥነቱ ሌላ ዓለም ነው፤ በሰከንድ ከ500 ሜጋ እስከ 1000 የሚደርሱት በብዛት አሉ። ያ 300 ጊጋ በጥሩ ኮምፒውተር በአስር ደቂቃ አካባቢ ሊያልቅ ይችላል። ክብሪት ሳጥን የሚያክል ነው።

ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ በየቀኑ ቦርሳው ውስጥ ይዞት ለሚዞር፣ ቤቱ ሁሉን የሚጥል ሕፃን ላለበት ሰው እውነትም ይሻለዋል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁም ኤስኤስዲ ለማስመጣት ይመቻል። ቀላል ነው፣ ሻንጣ ሲወረወር አይጎዳም። ሃርድ ዲስክ የምታስመጡ ከሆነ ግን በእጅ ቦርሳ ይምጣ በሉ።

ታዲያ ለምን መጀመሪያ አልመከርኩትም? አንደኛ፣ ለተመሳሳይ ጊጋ ከሃርድ ዲስክ ይወደዳል። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱን የምትቀምሱት ኮምፒውተራችሁ ከፈቀደ ነው። የድሮ ላፕቶፕ ላይ ባለ ዩኤስቢ 2 ከሰካችሁት በሰከንድ ከ40 ሜጋ አያልፍም። መርሴዲስ ገዝቶ ኮብልስቶን ላይ እንደመንዳት ነው። ሦስተኛ፣ እሱም እንደ ፍላሽ ቻርጅ የሚይዝ ነው። የቺፕ አምራቾች የተስማሙበት ደረጃ ለቤት ኤስኤስዲ የሚጠይቀው፣ የተፈቀደለትን ያህል ተጽፎበት ካረጀ በኋላ ያለ ኃይል በ30 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዓመት እንዲይዝ ነው። አዲስ ከሆነ ከዚያ በላይ ይቆያል። ቢሆንም ገልብጦ ቁም ሣጥን ውስጥ ለአሥር ዓመት የሚረሳ ዕቃ አይደለም። አልፎ አልፎ ሰኩት።

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ ይበልጥብኛል። አንድ ኤስኤስዲ አንድ ነው። ተሰርቆ፣ ጠፍቶ ወይም ሳይታሰብ ሞቶ ከሆነ ፍጥነቱ አይመልሰውም። ሁለት ሃርድ ዲስክ ሁለት ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም የሚበቃ ካለ አንድ ኤስኤስዲ ለዕለት፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ለማኖሪያ ቢገዛ ክርክር የለኝም።

ሜሞሪ፣ ስልክ፣ ቴሌግራም

የስልክ ሜሞሪ ካርድን ለዚህ ሥራ አላሰለፍኩትም። የፍላሽ ድክመት ሁሉ አለበት፣ በዚያ ላይ ከጥፍር ታንሳለች። ስልክን እንደ ማስቀመጫ መጠቀምም እንዲሁ፤ ታክሲ ላይ የሚነጠቅ ነገር ነው።

ቴሌግራም ግን ችላ የሚባል አይደለም። ለራሱ ፋይል የሚልክ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፣ ነፃ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍና ለስካን ጥሩ ሦስተኛ ቦታ ነው። ብቸኛ ቦታ አታድርጉት። አካውንቱ የተያዘው በስልክ ቁጥራችሁ ነው። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ቢሄድ ወይም አካውንቱ ሳይከፈት ረጅም ጊዜ ቢቆይና ቢሰረዝ ፋይሉም ይከተላል። ፓስፖርትና ካርታ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቆልፉት።

ኢንተርኔት ላይ ለማስቀመጥ ጉግል በነፃ 15 ጊጋ፣ ማይክሮሶፍት 5 ጊጋ ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ ወርሃዊ ክፍያ ነው። ክፍያው ባይከብዳችሁ እንኳ የእኛ ችግር ፋይል ወደ ኢንተርኔት የመላኪያው ፍጥነት ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ መስመር ካላችሁ 100 ጊጋ ለመላክ ሌት ተቀን ከአራት ቀን በላይ ይፈጃል፤ ያውም ካልተቆራረጠ። ለዚህ ነው ኪስ የሚገባው ዲስክ እስከ ዛሬ ያልተሸነፈው።

በምን ፎርማት?

ፎርማት ማለት ዲስኩ ፋይሎቹን የሚያደራጅበት መንገድ ነው፤ የሚያጋጥሟችሁ ፋት 32፣ ኤንቲኤፍኤስና ኤክስፋት ናቸው። ይህችን ሳይጠይቁ ገዝተው የሚበሳጩ ብዙ ናቸው። በፋት 32 የተዘጋጀ ፍላሽ 4 ጊጋ የሚደርስ አንድ ፋይል አይቀበልም። 30 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላችኋል። የሠርግ ቪዲዮ ላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ፍላሹ አልተበላሸም።

ቤታችሁ ውስጥ ያለው ዊንዶው ብቻ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ይህ ዓይነት የሚሠራውን እየመዘገበ ስለሚሄድ መብራት ድንገት ቢቋረጥ ከኤክስፋት ይልቅ ራሱን ያቃናል። ማክ ደግሞ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ማክና ዊንዶው የሚጋሩት ዲስክ ከሆነ ኤክስፋት ይሻላል፤ ያኔ «ኢጀክት» ሳትሉ አትንቀሉት። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ዲስኩ ገና ባዶ እያለ ጨርሱት።

በእጅ መገልበጥ ወይስ በፕሮግራም?

የማክ ባለቤቶች ዕድለኞች ናችሁ። ከ2007 ጀምሮ ታይም ማሽን አብሯችሁ አለ። ዲስክ ሰክታችሁ ትፈቅዱለታላችሁ፤ ከዚያ ሥራው የእሱ ነው። ባዶ ዲስክ ብቻ ስጡት፤ ያለውን አጥፍቶ ነው የሚጀምረው።

ዊንዶው ላይ ፋይል ሂስትሪ አለ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ነው የተደበቀው። ዴስክቶፕን፣ ሰነድን፣ ፎቶን በየሰዓቱ እያየ የተቀየረውን ይይዛል። ጥሩነቱ የትናንቱን ቅጂም መያዙ ነው። ጽሑፋችሁን ራሳችሁ አበላሽታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁት የሰኞውን መመለስ ትችላላችሁ። ዲ ላይ ያለውን ግን ካልጨመራችሁለት አያየውም። ይህ እኛ አገር ትልቅ ወጥመድ ነው። አዲሱ ዊንዶው ላይ «ዊንዶውስ ባክአፕ» የሚል ሌላ ነገር አለ፤ እሱ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ ስለሆነ አታምታቱት።

እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለቤተሰቤ በእጅ መገልበጥን ነው ያስተማርኩት። ፕሮግራም ሲቆም አያስታውቅም። በእጅ የገለበጠ ሰው ምን እንደገለበጠ ያውቃል። በየጊዜው አዲስ ፎልደር ከፍተው ቀን ይጽፉበታል፤ ዲስኩ ሲጠብ አሮጌውን ያጠፋሉ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ዓመቱን ስትጽፉ የማን እንደሆነ ለዩ። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ እናንተ በእኛ። «2016» የሚል ፎልደር ከፍቼ የትኛው 2016 እንደሆነ ለማወቅ የሕፃኑን ጥርስ የቆጠርኩበት ቀን አለ።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ዓለምን ካስደነገጠበት ከግንቦት 2017 እንደ ፈረንጆች ወዲህ አልጠፋም። ወደ ቤት ኮምፒውተር የሚገባው ብዙ ጊዜ በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ በተሰበረ ፕሮግራም ነው፤ እኛ ደግሞ ክራክ እንወዳለን። ቫይረሱ የተሰካውን ኤክስተርናልም አብሮ ይቆልፋል። መሳቢያ ውስጥ ያለውን ግን አይደርስበትም።

ስለ መቆለፍ ካነሳን፣ ሙሉውን ዲስክ መቆለፍ ለሁሉም አይመከርም። ቢትሎከር በዊንዶው ፕሮ ይገኛል፤ ቬራክሪፕት ለሁሉም ነፃ ነው። የይለፍ ቃሉ ከተረሳ ግን እኔም ልረዳችሁ አልችልም፣ ማንም አይችልም። ፎቶውን ክፍት ተዉት። ፓስፖርቱን፣ ካርታውን፣ የባንክ ወረቀቱን ብቻ በሰቨን ዚፕ በይለፍ ቃል ጠቅልሉት። ቃሉን ለባለቤታችሁም ንገሩ።

ከገለበጣችሁ በኋላ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩትና ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ፎቶ ክፈቱ። አንድ ቪዲዮም አስኪዱ። የአክስቴ ልጅ ይህን አድርጋ ቢሆን ኖሮ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ከማጥፋቷ በፊት ታውቅ ነበር።

ሁለቱ ዲስኮች የት ይቀመጡ? አንዱ ቤት። ሌላው ከቤት ውጭ። ሌባም እሳትም ሁለት ሰፈር በአንድ ቀን አይደርስም። የእኔ ሁለተኛ ዲስክ አክስቴ ቤት ነው፣ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ላዩ ላይ በፕላስተር የቤተሰባችን ስምና «አትንኩ» የሚል ተጽፎበታል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና እና ለፋሲካ ስንሄድ አዲስ የተገለበጠውን ይዘን እንሄዳለን፣ አሮጌውን ይዘን እንመለሳለን። ባለፈው ፋሲካ ረስቼው ሄድኩ። አክስቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ዶሮው ደርሷል፣ ያ ሳጥንህስ?» አለችኝ።